አልነሳ ያለ አሮጌ ማሴ ፈርጉሰን፦ ፖምፓው ከመውረዱ በፊት

ትራክተር አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚወነጀለው ፖምፓው፣ ማለትም ናፍጣን በግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከው ክፍል ነው። «ፖምፓው ሞቷል» ይባልና ይፈታል፣ በጆንያ ተጠቅልሎ ወደ ከተማ ይላካል፤ የዘር ወቅት ግን ማንንም አይጠብቅም። ተሠርቶ መጥቶ ሲገጠም ትራክተሩ ያው ይሆናል፤ ለካ ችግሩ ናፍጣ ፊልትሮው ላይ ያለች አንዲት የጎማ ቀለበት ነበረች። ብዙ ገበሬ በዚህ መንገድ ገንዘቡንም ዝናቡንም ያጣል። ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው፤ ፖምፓው የመጨረሻው ተጠርጣሪ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም።

የማወራው በተለይ በአርሲና ባሌ የስንዴ ማሳዎች፣ በመተማና ሁመራ የሰሊጥ እርሻዎች ዛሬም ስለሚሠሩት ማሴ ፈርጉሰኖች ነው። 135 እና 240 ባለ ሦስት ሲሊንደር የሆነው ፐርኪንስ 3.152 ሞተር አላቸው፤ 2.5 ሊትር ነው። 290 እና 385 ደግሞ ባለ አራት ሲሊንደሩ ፐርኪንስ 4.248 ነው ያላቸው፤ 4.1 ሊትር። አብዛኞቹ ላይ ያለው ፖምፓ ሲኤቪ ዲፒኤ የሚባለው ክቡ፣ ትንሹ ዓይነት ነው። ስለ ቤላሩስ ትራክተሮችም ወደ መጨረሻው ጥቂት እላለሁ።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። እንዲነሳ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ በቂ የዙር ፍጥነት፣ አየር ያልገባበት ንጹሕ ናፍጣ፣ ናፍጣውን ለማቀጣጠል እስኪበቃ ድረስ ታምቆ የጋለ አየር። ከሦስቱ የትኛው እንደጎደለ ሳታውቁ አንዲትም ዳዶ አትፍቱ። ለማወቅ ደግሞ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሰው ቁልፍ ይምታ፣ ሌላው ከጎን ቆሞ የጭስ ማውጫውን ይመልከት። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሞተሪኖውን (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረውን የኤሌክትሪክ ሞተር) ያቃጥላል፣ በየመሐሉም አንድ ደቂቃ አሳርፉት። ሞተሩ ጨርሶ ካልዞረ ወይም እየተጎተተ ከዞረ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው። በደንብ እየዞረ ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣ ሲሊንደሩ ውስጥ እየገባ አይደለም። በደንብ እየዞረ ነጭ ጭስ ካወጣ ናፍጣው እየገባ ነው፣ ግን አይቃጠልም። ነጭ ጭስ እየወጣ «አየር ይዞ ነው» ብሎ መስመር መፍታት፣ ወይም ጭስ ሳይኖር ቫልቭ ማስተካከል የከንቱ ድካም ነው።

ሞተሩ ሳይዞር ሲቀር

ባትሪው ሌሊቱን አርፎ ጠዋት ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። 12.4 ካሳየ ሩቡ ጎድሏል፤ 12.0 ካሳየ ወደ ባዶነት ተጠግቷል። ዋናው ልኬት ግን ቁልፍ ሲመታ ያለው ነው። በዚያን ጊዜ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። ከ11 ቮልት በላይ እንደሆነ ቆይቶ ሞተሪኖው ግን እየተጎተተ የሚዞር ከሆነ ባትሪው ጤነኛ ነው፤ ጉልበቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። አዲስ ባትሪ ተገዝቶ ለውጥ ያልመጣባቸው ትራክተሮች በአብዛኛው እንዲህ ያሉት ናቸው።

ጉልበቱ የት እንደሚቀር መልቲሜትር ይናገራል። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ራስ ላይ (በማሰሪያው ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ላይ)፣ ሌላውን በሞተሪኖው አካል ላይ አድርጋችሁ ቁልፍ ይመታ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ የኔጋቲቭ መስመሩ ታሟል። በፖዘቲቩም እንዲሁ ከእርሳሱ ራስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ለኩ፤ እዚያ ከ0.5 ቮልት ማለፍ የለበትም። ኔጋቲቩ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ ወይም ሻንሲው ላይ የሚታሰርበት ቦታ ቀለም ተቀብቶበት ወይም ዝጎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ፈትታችሁ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፍቁት። እርሳሱ ላይ የሚወጣውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጣችሁ እጠቡት፤ ወደ ባትሪው ሆድ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይጥበቁ። አጥብቃችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ግሪስ ቀቡት፤ ከማጥበቅ በፊት አይደለም።

ስለ ሽቦው ውፍረት አንድ ነገር ልበል። ሞተሪኖ የናፍጣ ሞተር ሲያዞር በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል። ከቤት መኪና የተወሰደ ቀጭን ሽቦ በዚህ ላይ ሲታሰር ይግላል፣ ሞተሩም ቀርፋፋ ይዞራል። 50 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ይዛችሁ ጫፉን በደንብ በተጨመቀ ቀለበት አስገጥሙ። ባትሪውም ከ100 አምፔር ሰዓት ባያንስ ይመረጣል።

ቁልፍ ሲመታ ድምፅ ከሌለ ወደ ሞተሪኖው ከመሄዳችሁ በፊት የፈጣንና ቀርፋፋ መምረጫውን አጭር ማርሽ ተመልከቱ። በእነዚህ ማሴዎች ላይ እሱ መሐል ላይ ካልቆመ ሞተሪኖው እሳት እንዳያገኝ የሚከለክል ማብሪያ አለ። ማብሪያው ሲያረጅ ወይም ሽቦው ሲወልቅ ትራክተሩ የሞተ ይመስላል። ብዙ ቦታ ይህ ማብሪያ ተቆርጦ ሽቦዎቹ በቀጥታ ተጣምረዋል፤ እባካችሁ ወደ ቦታው መልሱት። ከመሬት ቆሞ በካቻቢቴ ሞተሪኖውን ማገናኘትማ ሰው የሚገድል ልማድ ነው። የቆማችሁት ከኋላ ጎማው ፊት ነው፤ ማርሽ ውስጥ ከሆነ ሞተሩ በተነሳበት ቅጽበት ትራክተሩ ይሄዳል፣ ለመሸሽም ጊዜ የለም። ሞተሪኖውን ለመመርመር ከፈለጋችሁ ማርሹ መሐል መሆኑን በእጃችሁ አረጋግጡ፣ ፍሬኑን ያዙ፣ ጎማውን በድንጋይ አስደግፉ፣ እናንተም ከጎማው መንገድ ውጡ።

ሌላው የክረምት ጣጣ ነው። የጭስ ማውጫው ቀጥ ብሎ የቆመና ክዳን የሌለው ትራክተር ከሰኔ እስከ መስከረም ደጅ ከቆመ ዝናቡ በጭስ ማውጫው ይወርዳል፣ ክፍት ሆኖ በቆመው ቫልቭ በኩል ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ውኃ አይታመቅም። ሞተሪኖው አንድ ጊዜ ጥርቅ ብሎ ይቆማል፤ በኃይል ሲገፋ ደግሞ የፒስቶን ክንድ ይጣመማል። ክረምቱን ደጅ የቆመ ትራክተር ጥርቅ ብሎ ከቆመ ቁልፍ መምታቱን ተዉ። ኖዝሎቹን (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን) ሁሉ አውጡ፣ ሞተሩን በሞተሪኖ አዙሩ፤ ውኃ ካለ በቀዳዳው ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ፊታችሁን አርቁ። ከዚያ በየሲሊንደሩ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ደጋግማችሁ አዙሩ። የሞተሩን ዘይትም ተመልከቱ፤ ወተት ከመሰለ ውኃው ወደ ታችም ወርዷልና ዘይትና ፊልትሮ ሳይቀየር ሞተሩ አይነሳ። ይህ ሁሉ በአንድ የተገለበጠ ጣሳ ይቀራል።

ይዞራል፣ ጭስ ግን የለም

መጀመሪያ የማጥፊያ ገመዱ። በእነዚህ ትራክተሮች ሞተሩ የሚጠፋው በሚሳብ እጀታ ነው፤ ገመዱ ሲዝግ እጀታው ቢመለስም ፖምፓው ላይ ያለችው ምላስ በማጥፊያው ቦታ ተጣብቃ ትቀራለች። ፖምፓው ላይ ሁለት ምላሶች አሉ፤ አንዷ የጋዝ፣ አንዷ የማጥፊያ። የማጥፊያውን ገመድ ንቀሉና ምላሷን በጣታችሁ እስከ መጨረሻው ወደ መሥሪያው ቦታ ግፏት። በኋላ ዘመን በመጡት ላይ ማጥፊያው ኤሌክትሪክ ነው፤ ቁልፍ ሲከፈት ፖምፓው ላይ ካለችው ማብሪያ ጠቅ የሚል ድምፅ መሰማት አለበት፤ ካልተሰማ በሽቦዋ ላይ 12 ቮልት መድረሱን ለኩ።

ቀጥሎ ሰልባትዮው (የናፍጣ ታንከሩ)። ናፍጣ መኖሩን በዱላ ለኩ፤ ጠቋሚው ላይ አትመኩ። ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ በአቧራና በግሪስ ከተደፈነች ሰልባትዮው አየር ማስገባት ያቅተዋል፣ ናፍጣውም አይወርድም፤ ክዳኑን ላላ አድርጎ መሞከር ይበቃል። ከሥር ያለው መዝጊያ ክፍት ይሁን። መዝጊያው ጫፍ ላይ ወደ ሰልባትዮው የገባች ወንፊት አለች፤ ከበርሚል በባልዲ በሚሞላ ትራክተር ላይ ይህች ወንፊት በዝገትና በጭቃ ትሞላለች። ቧንቧውን ከትንሿ ፖምፓ (ናፍጣን ከሰልባትዮው ስባ ወደ ፊልትሮው ከምትገፋው) ላይ አውልቃችሁ ወደ ጠርሙስ አውርዱት፤ ወፍሮ ሳያቋርጥ መውረድ አለበት። እየቀጠነ ከሄደ ወንፊቷ ናት።

ያንን ጠርሙስ አትድፉት። አንድ ሌሊት አስቀምጡትና ጠዋት በብርሃን ተመልከቱ፤ ውኃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል። ውኃ ለዚህ ፖምፓ ከሁሉም የከፋ ጠላት ነው። ዲፒኤ ፖምፓ የራሱ ዘይት የለውም፤ ውስጡ የሚለሰልሰው በሚያልፍበት ናፍጣ ብቻ ነው። ውኃ ሲገባበት ሮተሩ (ውስጡ የሚዞረው ክፍል) ይደርቃል፣ ይነክሳል፣ ቀጭኑ የመንጃ ዘንግም ይቆረጣል። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣም ማለስለሻው ደካማ ስለሆነ ቀስ ብሎ እዚያው ያደርሳል። በርሚሉ ይቀመጥ፣ ይረፍ፣ መሳቢያው ከሥሩ አሥር ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ይሳብ፤ የመጨረሻው ዝቃጭ ለትራክተር አይሆንም።

አሁን ፊልትሮው። የሲኤቪ ፊልትሮ በላይኛው ራስና በታችኛው ኩባያ መሐል የሚቆም ካርትሬጅ ነው፤ ከላይ በሚገባ አንድ ረጅም ብሎን ይጠበቃል። አዲሱ ሲገዛ የጎማ ቀለበቶቹ አብረውት ይመጣሉ። ስህተቱ እዚህ ነው የሚሠራው፦ የድሮው የላይኛው ቀለበት በራሱ ቦይ ውስጥ ተጣብቆ ሲቀር አዲሱ በላዩ ይደረባል። ሁለት ቀለበት አንድ ላይ አይገጥምም፣ አየር ያስገባል። ቦዩን በጥፍር ወይም በቀጭን እንጨት ፈልጋችሁ የድሮውን አውጡ፤ በካቻቢቴ አትፋቁት፣ ይቦረቦራል። ትንሿን የመሐል ቀለበትም አትርሱ። ብሎኑን እስኪይዝ ብቻ አጥብቁ፤ ከልክ ያለፈ ማጥበቅ ኩባያውን ይሰነጥቃል።

ትንሿ ፖምፓ ከሞተሩ ጎን የተገጠመችው፣ በእጅ የምትገፋ ምላስ ያላት ናት። መውጫ ቧንቧዋን ፍቱና ምላሷን ግፉ፤ በየግፊቱ በኃይል መትፋት አለባት። ምላሷ ልል ሆና ምንም ካልተሰማችሁ ፖምፓዋ ተበላሽታለች ብላችሁ አትቸኩሉ፤ የካምሻፍቱ ካም ገፍቷት ቆሞ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር አዙሩና እንደገና ሞክሩ። በሞተሪኖ ሲዞር ደግሞ በየሁለት የክራንክ ዙር አንድ ጊዜ ትተፋለች። ውስጧ ያለው ላስቲክ ከተቀደደ ግን ሌላ አደጋ አለ፦ ናፍጣው ወደ ሞተሩ ዘይት ይወርዳል። ሁልጊዜ ከማስነሳታችሁ በፊት የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጡ። መጠኑ ከፍ ብሎ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ሞተሩን አታስነሱ፤ የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታ ይበላል፣ ብሶም ሞተሩ የራሱን ዘይት እያቃጠለ ከቁጥጥር ውጭ ሊሮጥ ይችላል።

አየር የሚገባው ከሰልባትዮው እስከ ትንሿ ፖምፓ ባለው መስመር ሲሆን ለማግኘት ያስቸግራል። ሞተሩ ሲሠራ እዚያ መሳብ እንጂ መግፋት ስለሌለ ናፍጣ አይፈስም፤ አየር ነው የሚገባው። ሰልባትዮው ከፍ ብሎ በተቀመጠባቸው ማሴዎች ትራክተሩ ቆሞ ሲያድር መገጣጠሚያው ላብ ያወጣል፤ አቧራ የተለጠፈበትን እርጥብ ቦታ ፈልጉ። ካልታያችሁ ቁርጡን የሚያሳውቅ ፈተና አለ። አምስት ሊትር ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን ይዛችሁ ከሞተሩ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ በንጹሕ ቱቦ በቀጥታ ወደ ፊልትሮው መግቢያ አገናኙትና አየሩን አስወጡ። በዚህ ከተነሳና ካልጠፋ ችግሩ ከፊልትሮው በፊት ካለው ነገር ነው፦ ሰልባትዮ፣ ቧንቧ፣ ትንሿ ፖምፓ። ካልተነሳ ከፊልትሮው ወዲህ ፈልጉ። ለዚህ ፈተና የሚወጣው ወጪ የቱቦው ብቻ ነው፤ ሰልባትዮን ከማውረድም ያድናል።

አየር ማስወጣት ሥርዓት አለው፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አየሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ አይወጣም። ፐርኪንስ በኢንች የተሠራ ሞተር ስለሆነ የኢንች ቁልፍ ያዙ፤ በሚሊሜትር ቁልፍ ሲሠራ ኖሮ የትንፋሽ ብሎኖቹ ራስ የተላጨ ትራክተር ብዙ ነው። ማጥፊያው በመሥሪያ ቦታ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ይሁን። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን ብሎን ሁለት ዙር አላሉ፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ የትንሿን ፖምፓ ምላስ ግፉ፤ እየወጣ እያለ አጥብቁ። ከዚያ ወደ ትልቁ ፖምፓ እለፉ። እሱ ላይ ሁለት የትንፋሽ ብሎኖች አሉ፤ አንዷ ከጎኑ ወገብ ላይ፣ ሌላዋ ከላይ በጋዝ ምላሱ ክዳን ላይ። መጀመሪያ የጎኑን፣ ቀጥሎ የላይኛውን በተመሳሳይ መንገድ። የላይኛዋ ትቆያለች፤ ክዳኑ ሥር ያለው ክፍል መሙላት አለበትና ታገሡ። ብዙ ሰው እዚህ ይሰለቻል፤ ምላሷን ሃምሳ ጊዜ መግፋት ቢያስፈልግም ግፉ።

በመጨረሻ ኖዝሎቹ ላይ ያሉትን የቧንቧ ዳዶዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ 5/8 ኢንች የሆኑትን፣ ሁለቱን አንድ ዙር አላሉ። ቁልፍ ይመታ። መጀመሪያ አረፋ፣ ቀጥሎ በየዙሩ ትርክ ትርክ የሚል ናፍጣ ይወጣል። ያን ጊዜ አጥብቁና እንደገና ቁልፍ ይመታ፤ ጭስ ይጀምራል። ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት የሚወጣበት ቦታ ላይ እጃችሁን ፈጽሞ አታድርጉ፤ ኖዝል ከ170 ባር በላይ ነው የሚከፈተው፣ ቆዳ ይበሳል። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቁስል ብትሆንም ናፍጣ ሥጋ ውስጥ ከገባ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው።

በትንፋሽ ብሎኖቹ ንጹሕ ናፍጣ እየወጣ በኖዝል ዳዶዎቹ ግን ምንም ካልመጣ፣ አሁን ብቻ ፖምፓውን መጠርጠር ይቻላል። ሳታወርዱትም አንድ ነገር አረጋግጡ። ከጎኑ በሁለት ብሎን የታሰረች ትንሽ ክዳን አለች፤ ዙሪያዋን በደንብ ጠርጋችሁ ክፈቷት፣ ናፍጣ ይፈሳል፣ ሰው ቁልፍ ይምታ። ውስጡ ካልዞረ የመንጃ ዘንጉ ተቆርጧል ማለት ነው። እየዞረ ካልተፋ ደግሞ ለወራት የቆመ ትራክተር ላይ የሚያጋጥመው የመጠን ቫልቩ (የናፍጣውን መጠን የሚወስነው) መጣበቅ ነው፤ የደረቀ ናፍጣ ሙጫ ሆኖ ይይዘዋል። ሁለቱም በፖምፓ መጠገኛ ቤት የሚሠሩ ናቸው።

ነጭ ጭስ እያወጣ የማይነሳ

ይህ በደጋው ይበዛል፣ ምክንያትም አለው። ከ2500 ሜትር በላይ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት ሩብ ገደማ ነው። ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር ከመነሻው ያነሰ ስለሆነ የመጨረሻው ግፊትና ሙቀትም ያንሳል። በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ደግሞ ብረቱ ራሱ ሙቀቱን ይውጣል። ፋሻው (የፒስቶን ቀለበቱ) ያለቀ ሞተር ሁመራ ላይ በአንድ ምት ይነሳና ባሌ ላይ እስከ ረፋድ ያስለምናል።

ስለዚህ የዙሩን ፍጥነት እንደገና እዩት። ቀርፋፋ ዙር አየሩ በፋሻው በኩል እንዲያመልጥ ጊዜ ይሰጠዋል። የጤነኛ ሞተሪኖ ዙር በደቂቃ 150 እና ከዚያ በላይ ነው። ወፍራም ዘይትም ይጎትታል፤ ለቆላ የሚሆን ዘይት ለደጋ ጠዋት አይመችም።

በመምጠጫ ማኒፎልዱ ላይ ተርሞስታርት የሚባል ማሞቂያ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይግላል፣ ጥቂት ናፍጣ ያንጠባጥባል፣ ያቀጣጥለዋል፣ የሚገባውን አየር ያሞቃል። ቁልፉን በማሞቂያው ቦታ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይዞ ከዚያ መምታት ነው ደንቡ። አሮጌ ትራክተሮች ላይ ሽቦው ተቆርጦ ወይም የናፍጣ ቧንቧው ተደፍኖ ይገኛል፤ ደጋ ላይ ላለ ሰው ግን ከአዲስ ባትሪ ያላነሰ ጥቅም አለው። ሽቦው ላይ 12 ቮልት መድረሱን፣ ቧንቧው ላይ ናፍጣ መኖሩን፣ ከ20 ሰከንድ በኋላ አካባቢው መሞቁን ፈትሹ። የመስመሩን አየር ስታስወጡ የእሱንም ዳዶ ማላላት አትርሱ።

አየር ማጣሪያው ባለ ዘይት ገንዳ ከሆነ ገንዳውን አውርዱት። ዘይቱ ከምልክቱ በላይ መሞላት የለበትም፤ ሥሩ ጭቃ ከያዘ ይታጠብ። ለወራት የቆመ ከሆነ የአይጥ ጎጆ ቱቦው ውስጥ መገኘቱ አይቀርም።

ኖዝል ሲያረጅ ናፍጣውን እንደ ጉም መርጨት ትቶ ያንጠባጥባል። ኖዝሎቹ ሲወጡ ከሥራቸው ያለችውን የመዳብ ሮንዴላ ተመልከቱ፤ የድሮዋ ቀዳዳው ውስጥ ቀርታ አዲስ ከተደረበ ግፊት ያመልጣል። ለእያንዳንዱ ኖዝል አንድ ሮንዴላ ብቻ።

የቫልቭ ክፍተቱ በእነዚህ ፐርኪንሶች ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.30 ሚሊሜትር ነው፣ ለመምጠጫውም ለጭስ ማውጫውም። ክፍተት የሌለው ቫልቭ አይዘጋም፣ ያልተዘጋ ቫልቭ ደግሞ አያምቅም። ጠዋት ሞተሩ በሞተሪኖ ሲዞር ድምፁን አድምጡ፤ እኩል እኩል መተንፈስ አለበት። በየተወሰነ ዙሩ አንድ ጊዜ ቀለል ብሎ የሚፈጥን ከሆነ አንዱ ሲሊንደር ደክሟል። በግፊት መለኪያ ከ25 እስከ 30 ባር ጥሩ ነው፤ ከ20 በታች በደጋ ጠዋት ተስፋ የለውም። በደከመው ሲሊንደር ኖዝል ቀዳዳ 10 ሚሊሊትር ዘይት ጨምራችሁ ስትለኩ ግፊቱ ከወጣ ፋሻው ነው፤ ካልወጣ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን። ከዚያ በላይ ዘይት አትጨምሩ።

ፖምፓው በቅርቡ ወርዶ ከተመለሰ ደግሞ ማዋቀሩ፣ ማለትም ናፍጣ የሚረጭበት ጊዜ፣ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። በፖምፓው ጠርዝና በተገጠመበት ገጽ ላይ ያሉት የተጫሩ መስመሮች መገጣጠም አለባቸው። የኖዝል ቧንቧዎች ቅደም ተከተልም ይታይ፤ በባለ አራቱ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው፣ በባለ ሦስቱ 1፣ 2፣ 3።

እንዳይደረጉ የምለምናችሁ ነገሮች አሉ። ኢተር (ሞተር ለማስነሳት የሚረጭ ቶሎ ተቀጣጣይ ፈሳሽ) የሚረጭ ጣሳ ተርሞስታርት ካለበት ሞተር ጋር አይሄድም፤ የጋለው ሽቦ ማኒፎልዱ ውስጥ ያፈነዳዋል። ባይፈነዳም ያለ ጊዜው ተቃጥሎ ፋሻና ፒስቶን ይሰብራል። ቤንዚን በአየር ማስገቢያ ማፍሰስም ያው ነው። በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ ለኩሶ አፉ ላይ መያዝ፣ ከዘይት ገንዳው ሥር እሳት ማንደድ ስንት ትራክተር አቃጥሏል። ከዚህ ሁሉ አንድ ባልዲ የፈላ ውኃ ራዲያተር ውስጥ ይሻላል፦ የቀዘቀዘውን ውኃ በከፊል አውጥታችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ቁልፍ ምቱ። መጎተት ካስፈለገ በከፍተኛ ማርሽ፣ በጠንካራ ሰንሰለት፣ ሲሊንደር ውስጥ ውኃ አለመኖሩ ተረጋግጦ ይሁን።

በአዳማ ከተገጣጠሙት ጀምሮ በአገሩ የቀሩት ቤላሩሶች ትንሽ ይለያሉ። የኤምቲዜድ 80 ፖምፓ በተራ የተደረደሩ አራት ክፍሎች ያሉት ሲሆን የሞተር ዘይት ስለሚያለሰልሰው ውኃን ከዲፒኤ ይልቅ ይታገሣል። መስመሩን በናፍጣ የምትሞላው የእጅ ፖምፓ በእጅ የሚፈታ እጀታ ያላት ናት፤ እጀታውን ፈትታችሁ ፓምፑት፣ አየሩን ከፊልትሮው ቀጥሎ ከፖምፓው ራስ አስወጡ፣ እጀታውን መልሳችሁ በደንብ ጠምዝዙ፤ ከላላ እሱ ራሱ አየር ያስገባል። ሰልባትዮው ከኋላ ስለሆነ መስመሩ ረጅም፣ መገጣጠሚያው ብዙ ነው፤ የጀሪካኑ ፈተና እዚህ የበለጠ ይጠቅማል። በትንሽ ቤንዚን ሞተር የሚነሳው ዓይነት ከሆነ ያቺ ትንሽ ሞተር ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ነው የምትጠጣው፤ 15 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ የሞተር ዘይት። ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ከተሰጣት ትነክሳለች።

ፖምፓው መውረዱ የግድ ከሆነ ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን በናፍጣና በብሩሽ እጠቡ። መስመሮቹ ካልታዩ በስል ብረት አዲስ ጭረት አድርጉ። ቧንቧዎቹን የትኛው ከየት እንደወጣ በክር እሰሩ ወይም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ክፍት የሆነውን አፍ ሁሉ በንጹሕ ፕላስቲክ ድፈኑ፤ ጨርቅ አይሆንም፣ ክሩ ይገባል። ኖዝሎቹንም አብራችሁ ላኩ፤ ፖምፓ ብቻ ተሠርቶ በሚያንጠባጥብ ኖዝል ከተገጠመ ሥራው ግማሽ ነው። ፖምፓው ላይ የተለጠፈችው የብረት ሳህን አትላጭ፤ ሠራተኛው ለየትኛው ሞተር በየትኛው መጠን እንደሚያስተካክለው የሚያውቀው በእሷ ላይ ባለው ቁጥር ነው። በፈተና ማሽን ላይ የተለካውን ውጤትና የኖዝሎቹን መክፈቻ ግፊት በወረቀት ጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ተመልሶ ሲመጣ ከመገጠሙ በፊት ሰልባትዮው ይታጠብ፣ ፊልትሮው ይቀየር። የድሮውን የበላው ውኃ ሥሩ ላይ ካለ አዲሱንም ይበላዋል።